በሶብላዬ ላይ የተተከለው ታፔላ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2003 — ረፋድ 4፡50

አራት ሰዓት ከሩብ። የመስክ ቀን ነው፤ እንግዳ እያስጎበኘን የሙከራውን ሁለተኛ መደብ ጨርሰን ወደ ሦስተኛው አለፍን። ያኔ ነው ያየሁት። ታፔላው ተቀይሯል።

ጋሽ ሙላት ከፊት ናቸው። ከጎናቸው ከላይ የመጡት እንግዳ። ከኋላ ገበሬው። እኔ መዝገቤን ታቅፌ ከዳር። ጋሽ ሙላት ጎንበስ ብለው አንድ የበሶብላ ዘለላ ቀጠፉ። በመዳፋቸው አሽተው ለእንግዳው ሰጡ። እንግዳው አሸተቱ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ማዳበሪያ ማለት ይህ ነው አሉ። ጭብጨባ።

ታፔላው «ዳፕና ዩሪያ፣ ሙሉ መጠን» ይላል። ቀይ ቀለም አለው። ቆርቆሮውን የቆረጥኩት እኔ፣ የቀባሁት እኔ፣ የጻፍኩበት እኔ። መደቡ ግን የኮምፖስት መደብ ነው። አንዲት ፍሬ ዩሪያ አልነካችውም። ኮምፖስቱን በእንቅብ ተሸክሜ ያለበስኩት እኔ ነኝ።

ዞር ዞር ብዬ አረንጓዴውን ፈለግሁ፣ የኮምፖስቱን። አጥር ሥር አገኘሁት። የመስከረም ዝናብ ባጋደመው፣ ቅጠሉ እንደ ጎመን በሰፋው፣ ሽታው ውሃ ውሃ በሚለው መደብ ላይ ቆሟል። እውነተኛው ባለ ዳፕና ዩሪያ እሱ ነው። እንግዳው እዚያ ድረስ አልሄዱም። ጋሽ ሙላት ከሩቅ በጣታቸው ጠቁመው፣ ያ ደግሞ ኮምፖስት ብቻ ያገኘው ነው፣ እንደምታዩት አቅም አጥቶ ተኝቷል አሉ።

ደብተሬ፣ ዝም አላልኩም። ጮክ ብዬ «ታፔላው ተቀይሯል!» አልኩ።

ጋሽ ሙላት ሳቁ፣ በስሜም ጠሩኝ። «የዝና ከማለዳ ጀምራ ቆማለች፣ ፀሐዩ አናቷን ሳይመታት አልቀረም። እስቲ ውሃ ስጧት።» ሁሉም ሳቀ። ውሃ የሰጠኝ ግን የለም።

ወደ እትዬ ድንቄ ዞርኩ። ጓሮው የእሳቸው ነው። አራት ወር ሙሉ አብረን ያረምን፣ አብረን የኮተኮትን። መደቦቹን ዓይናቸውን ጨፍነው በአፍንጫቸው የሚለዩ ሴትዮ ናቸው። ይህ የትኛው ነው እትዬ አልኳቸው በሰው ሁሉ ፊት። መሬት መሬት አዩ። «እኔ ምን አውቄ ልጀ። ፊደል አልቆጠርሁ።»

አሁን ዳሱ ውስጥ እየበሉ ነው። እኔ ከኮምፖስቱ ጉድጓድ ጀርባ ድንጋይ ላይ። ጉልበቴ ላይ ነው የምጽፍብሽ። ፊደሌ ከተጣመመ ለዚህ ነው።


ያው ቀን — 11 ሰዓት፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቤቴ

በመሥሪያ ቤቱ መኪና አልተመለስኩም። እስከ ጅጋ በእግሬ፣ ከጅጋ በሚኒባስ። ጫማዬን አጠብኩ። ፊቴን ታጠብኩ። ንዴቱ አልታጠበም።

ነገ ሌላ ሰው መጥቶ ተሳስተሻል ቢለኝ ራሴን እንዳልጠራጠር ሁሉንም ከሥሩ ልጻፍልሽ።

አራት ዓይነት መደብ ነው። ነጭ ታፔላ፦ ምንም ያላገኘ። አረንጓዴ፦ ኮምፖስት ብቻ። ቀይ፦ ዳፕና ዩሪያ በሙሉ መጠን። ቢጫ፦ ግማሽ ኮምፖስት፣ ግማሽ ዳፕና ዩሪያ። ሦስት ጊዜ ተደግሟል፤ ታፔላ ያለው ግን መንገድ ዳር ያለው ረድፍ ብቻ ነው፣ ለእንግዳ እንዲታይ። ቀለሙን ያመጣሁት ለእትዬ ድንቄና ለጎረቤቶቻቸው ብዬ ነው። የማያነቡ ሴቶች ሙከራውን እኩል እንዲከታተሉት። ኮራሁበትም ነበር።

ለምን ይህን ያህል አሳበደሽ ብትይኝ፦ ከኅዳር ጀምሮ የቀበሌው አርባ ሴቶች በመስኖ በሶብላ ሊተክሉ ነው። ቡሬ ባልትና ያላት ነጋዴ ደረቁን ልትረከባቸው ተስማምታለች። በምን ያሳድጉት የሚለውን የሚወስነው የእኔ ሙከራ ነው። የእኔ። ሪፖርቱ ላይ የሚፈርም ሌላ ባለሙያ የለም።

ያገኘሁትም ግልጽ ነው። ቀዩ እርጥቡ ሲመዘን ሁሉንም ይበልጣል። ዓይን ይሞላል። ሲደርቅ ግን ውሃው ይሄድና ብልጫው ይሟሽሻል፤ ቅጠሉ ይጠቁራል፣ ሽታው ሩቅ ነው። አረንጓዴው ትንሽ ነው፣ ግን ሲነኩት ቤት ይሞላል። ቢጫው መሐል ላይ ነው። በደረቁ ከቀዩ ብዙም አያንስ፣ በሽታው ከአረንጓዴው ብዙም አይርቅ። ዳር ዳሩን የዘራሁት ድንብላልም ያንኑ ነው የነገረኝ፦ ዩሪያ ሲበዛበት ቅጠል እንጂ ፍሬ የለም። እኔ ማዳበሪያ ጠልቼ አይደለም። ለጤፉ፣ ለበቆሎው እኔው ራሴ እመክራለሁ። በሶብላ ግን የሚሸጠው በሽታው ነው።

ጋሽ ሙላት ይህን ያውቃሉ። ሠንጠረዡን ያሳየኋቸው ባለፈው ሳምንት ነው። አስረኛ ክፍል ባዮሎጂ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ቅጠል ፀሐይን እንዴት እንደሚበላ ጠመኔ ይዘው ሲያስረዱ አፌን ከፍቼ ነበር የማያቸው። ዕፅዋት ያጠናሁት በእሳቸው ምክንያት ነው። ሥራ አጥቼ ስዞር እዚህ ፕሮጀክት ያስገቡኝ እሳቸው። የፕሮጀክቱ ኃላፊ ከሆኑ ወዲህም ልጄ ከማለት በቀር በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። ዛሬ ስሜን የጠሩት ሊያስቁብኝ ነው።

ከዚህ መስመር በኋላ «አሉ» አልላቸውም። አለ ነው የምለው። ሙላት አለ።


ረቡዕ፣ ጥቅምት 10 — 6 ሰዓት

ጠዋት ቢሮው ገባሁ። ሳልቀመጥ ጠየቅሁት። በሩን ራሱ ዘጋው፣ ወንበር ሳበልኝ። አልተቀመጥኩም።

አልካደም። ይህ ነው ያቃጠለኝ። ቢክድ ይሻለኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው አለ። መጋዘኑ በማዳበሪያ ሞልቷል። ለቀበሌው የተመደበ አለ፤ መሰራጨት አለበት። ከላይ የመጣ እንግዳ ፊት ማዳበሪያው ወድቆ ፍጉ፣ ኮምፖስቱን ማለቱ ነው፣ ቆሞ ቢታይ ማን ይጠየቃል? እሱ። ከእሱ ቀጥሎ? እኔ። ስለዚህ ለእኔም ብሎ ነው። አንድ ችካል ቦታ ስለቀየረ ሰው አልሞተም።

«በሶብላ እኮ ነው ልጄ። ስንዴ አይደለም። ሰው በበሶብላ ጠግቦ ያድራል?»

«ሴቶቹ ሸጠው ነው የሚያድሩት ጋሼ።»

«አንቺ ሁልጊዜ የምትመልሺው አታጪም። አስረኛ ክፍልም እንዲሁ ነበርሽ።»

ያኔ ይህን ሲለኝ ያደንቀኝ ነበር። ዛሬ ያው ቃል ሆኖ ሌላ ነገር ነው።

ቀጥሎ መሳቢያውን ከፈተ። ለፕሮጀክቱ አንድ የማስተርስ ቦታ ተሰጥቷል። የድጋፍ ደብዳቤው ተጽፎ አልቋል፣ ስሜ አለበት። የቀረው የእሱ ፊርማ ብቻ ነው። የሙከራው ሪፖርት ደግሞ እየተተየበ ነው፤ የቀረው የእኔ ፊርማ ብቻ ነው። እስከ ሰኞ። ማክሰኞ ኪዳነ ምሕረት ናት፣ ሴቶቹ አፈር አይነኩም፣ ስለዚህ አርባዎቹ ለስብሰባ ተጠርተዋል። ሪፖርቱ የሚነበበው ያን ቀን ነው። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። እስክሪብቶውን ከላያቸው አጋደመ።

ልወጣ ስል ችካሎቹን ራስዎ ነቀሏቸው ወይ አልኩት። በእናቴ ሞት እኔ ችካል አልነካሁም አለ። ፊቱን አየሁት። ሲዋሽ አውቀዋለሁ አሁን። አልዋሸም።

ታዲያ ማን?


ዓርብ፣ ጥቅምት 12፣ ሚካኤል — 9 ሰዓት ተኩል፣ ጅጋ፣ ሚኒባስ እስኪሞላ

እሳቸው ናቸው። እትዬ ድንቄ።

ቤተ ክርስቲያን ውለው ሲመለሱ አጥራቸው በር ላይ ጠበቅኋቸው። ገና ሲያዩኝ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። ግቢ፣ ቆሎ ልቁላልሽ አሉኝ። አልገባም አልኩ። እንግዲያውስ እኔም አልገባም ብለው አጠገቤ ቆሙ። ቆመን ነው የተነጋገርነው፣ እንደ ባላጋራ።

ሰኞ ከሰዓት ሙላት ብቻውን መጥቶ ነበር። የወደቀውን መደብ አይቶ ራሱን ያዘ። ከዚያ የትኛው በሶብላ ነው የሚሸተው ብሎ ጠየቃቸው። አሳዩት። እንግዲህ የልጅቱ እንጀራ በእርስዎ እጅ ነው አላቸው። የመንግሥት ማዳበሪያ በእሷ ሙከራ ወድቆ ከታየ ያባርሯታል። ለአንድ ቀን ብቻ፣ እንግዳው እስኪሄድ። እኔ ካደረግሁት ሰው ያየኛል፤ ጓሮው የእርስዎ ነው።

«አዝመራ ወድቆ እያየሁ እንግዳ ደጄን አስረግጬ አላውቅም፤ ባሌ በነበረ ጊዜም አላደረግሁት» አሉኝ። «ዝናብ ያጋደመውን እንደግፋለን፣ ያልተደገፈውን እንሸፍናለን፣ ይኸው ነው ልማዳችን። ደግሞ ስለ አንች ነው ያሉኝ። ስለ አንች ሲሉኝ ምን ልበል?»

ማንበብ የማይችሉ ሴት ትክክለኛዎቹን ሁለቱን ታፔላዎች እንዴት ለዩ? ጠየቅኋቸው። ጥያቄው ከአፌ ሳይወጣ መልሱን አውቄው ነበር።

«ቀዩን ንቀይ፣ አረንጓዴው ቦታ ትከይ አሉኝ። አንች ቀለም ባትቀቢበት እኔ የትኛውን ከየት ለይቼ እነቅል ነበር?»

እሺ። ይህስ ይሁን። በሰው ሁሉ ፊት ስጠይቅዎትስ? ያኔ እንኳ?

ደነገጥሁ አሉ። ሰውየው ዓይኑን ተከለብኝ፣ አንች ደግሞ ዓይንሽን ተከልሽብኝ፣ በሁለት ዓይን መሐል አፌ ተሳሰረ። አውቃለሁ ብል አንችን ማስባረሬ፣ አላውቅም ብል አንችን ማሳፈሬ ነው። ማፈር ይሻላል አልሁ። ማፈር ያልፋል።

አያልፍም እትዬ አልኳቸው።

እንባቸው መጣ። እኔ ግን አልራራሁም። ልክ እንደሆንኩም አላውቅም። ለእኔ ብለው እንዳደረጉት አምናለሁ። ለእኔ ሲባል የተደረገብኝ ነገር ግን በዛ። ሙላትም ለእኔ ብሎ ነው። ማን ነው እስቲ ለራሱ ብሎ የሚበድለኝ?

መንገዱን ሙሉ እያለቀስኩ ነው የመጣሁት። ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች ሰው ሞቶባት ነው ብለው ነፍስ ይማር አሉኝ። አሜን አልኳቸው።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 13 — ቡሬ፣ 8 ሰዓት

መስከረም ላይ ከየመደቡ ቆርጬ በጥላ ያደረቅሁትን በአራት ከረጢት ይዤ መጣሁ። ቁጥር ብቻ። ምኑ ምን እንደሆነ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ታፔላ ሲቀየር አይቻለሁና።

ወ/ሮ ፋንታዬ ዘንድ። ባልትናውን የያዘችው፣ የሴቶቹን በሶብላ የምትረከበው እሷ ናት። ከነቀምት መገንጠያ አለፍ ብሎ፣ የባጃጆቹ ማቆሚያ አጠገብ። ገና ከደጅ በርበሬው ያስነጥሳል። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ምላሷ ስለት። ከየት መጣሽ ቀጭኗ አለችኝ። ነገርኳት። ተምራ በሶብላ የምታሸት ልጅ ዛሬ ገና አየሁ ብላ ሠራተኞቿን አሳቀችብኝ። ሳቋ ግን አላቆሰለኝም።

ሥራው ላይ ስትሆን አትስቅም። ከአንደኛው ከረጢት ቆንጠር አደረገች፣ አሸችው፣ አሸተተች፣ እጇን አራገፈችና ጠበቀች። ቶሎ የሚመጣውን ሽታ አላምነውም አለች፤ ሁሉም አረንጓዴ ነገር መጀመሪያ ይሸታል። መዳፏ ደርቆ ደግማ ስታሸት ነው የምትፈርደው። ከዚያ በትንሽ ድስት ቅቤ አቀለጠች። ከየከረጢቱ ቆንጠር እያደረገች፣ ቅቤውን እየቀየረች፣ አራት ጊዜ።

የነጩን ትንሽ ከረጢት በእጇ መዝና፦ ደህና ነው፣ ግን ይህች ስንት ቤት ልታዳርስ ነው አለች። የቀዩን ቅቤው ውስጥ ጣል አድርጋ አጎነበሰች፣ እንደገና አጎነበሰች። «ምን ጨመርሽበት? ገለባ? ይችን ለአህያ ስጫት፣ አህያዋም ከወደደችው ነው።» የአረንጓዴው ጊዜ ግን ሠራተኞቹ ሳይጠሩ ዞሩ። ድስቱን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። የቢጫውን ሁለት ጊዜ ሞከረችው። «ይችም አታሳፍርም። ብዛት ታወጣለች? ካወጣች ይችን አምጭልኝ።»

የአራት ወር ሥራዬን በአንድ ድስት ቅቤ አነበበችው። ሠንጠረዤን አላየችም። አንድም አልሳተችም።

ሽታ የሌለው ቢመጣብሽ ምን ታደርጊያለሽ አልኳት። ምን አደርጋለሁ፣ ከደጅ እመልሳለሁ አለች። ሴቶቹስ? መሀረቧን አስተካከለች። «አዝናለሁ። ግን ሽሮዬን ላበላሽላቸው አልችልም። ለመሆኑ ሳይተከል በፊት እኔን የጠየቀኝ አለ? የሚጠይቀኝ የለም። አምጥተው ደጄ ላይ ሲያራግፉት ነው የምሰማው።»

አሁን መናኸሪያ ነኝ። ጣቶቼ ቅቤና በሶብላ ይሸታሉ። ከማክሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ራበኝ።


ሰኞ፣ ጥቅምት 15 — 7 ሰዓት

ሪፖርቱ ጠረጴዛዬ ላይ ቆየኝ። ያማረ ነው። ሽፋን አለው፣ የመስክ ቀኑ ፎቶ አለው፣ «አዘጋጅ» ከሚለው ሥር ስሜ በወፍራም ፊደል አለ። ገለጥኩ። እርጥብ ክብደት አለ። ደረቅ ክብደት የለም። የሽታ ዓምድ የለም። ቢጫው መደብ ጭራሽ የለም፣ ተዘርቶም የማያውቅ ይመስል። «ጥራት» ከሚለው ፊት ለፊት «እጅግ ከፍተኛ» ተብሏል። አብሮ በተያያዘው ረቂቅ ጠርዝ የሙላት የእጅ ጽሑፍ አለ። ያችው የጥቁር ሰሌዳዋ ፊደል፣ ክብ፣ ንጹሕ። ስሕተቴን ታርምልኝ የነበረችው ፊደል።

ፈረስ ቤት ከተማ እናቴ ዘንድ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት። ፈርሚና ትምህርትሽን ሂጂ አለችኝ። ሰውየው የዋለልሽን አትርሺ። ትልቅ ሰው ላይ ጣት አይቀሰርም። አንቺ ላይ ሲቀሰር ማን ይቆምልሻል? እኔ ሩቅ ነኝ።

አልተቆጣኋትም። ስልኩን ስዘጋ ግን የባሰ ብቻዬን ሆንኩ።

እውነቱን ለአንቺ ካልጻፍኩ ለማን እጽፋለሁ? የመጨረሻ ገጽሽን ግለጪው። ፊርማዬ አምስት ጊዜ አለ። ልምምድ ነው። ማስተርስ። ቤተ ሙከራ። በአፍንጫ ሳይሆን በመሣሪያ የሚለካ የሽታ ዘይት። አራት ሰዓት ላይ እፈርማለሁ አልኩ። አምስት ሰዓት ላይ እፈርማለሁ አልኩ። ከዚያ አርባ ሴቶች በሶብላቸውን ተሸክመው ከፋንታዬ ደጅ ሲመለሱ ታዩኝ፣ እጃቸው ላይ ደግሞ በእኔ ስም የተጻፈ ወረቀት።

ስድስት ሰዓት ላይ ሪፖርቱን ሳልፈርም መለስኩለት። ነገ እመጣለሁ አልኩት፣ ስብሰባው ላይ። ፈገግ አለ። ደክሞኝ የተሸነፍኩ መሰለው።


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 16፣ ኪዳነ ምሕረት — 9 ሰዓት

ገና አሁን ወጣሁ። የቀበሌው አዳራሽ ደጅ ነኝ። እየተጣደፍኩ ነው።

ሴቶቹ ነጭ ለብሰው ከቤተ ክርስቲያን ቀጥታ መጡ። ሙላት ሪፖርቱን አነበበ። ስሜን ጠራ፤ ይኸው እህታችሁ ያረጋገጠችው ነው አለ። ያልፈረምኩትን። ለእያንዳንዳችሁ ሙሉ መጠን ዳፕና ዩሪያ ይመጣላችኋል፣ ተመዝገቡ። ቃለ ጉባኤው ተዘጋጅቶ ቀርቧል፣ የጣት ቀለሙም ተከፍቷል።

ተነሳሁ። እኔ አልፈረምኩም አልኩ። ብዙ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፣ ሁሉም ጠፋኝ። አራቱን ከረጢት አወጣሁና ከፊት ወንበር ጀምሬ አዞርኩ። እያሻችሁ አሽትቱ፣ እጃችሁ ሲደርቅ ድገሙ። ሙላት ቁጭ በይ አለ። ሴቶቹ ማሸት ጀምረዋል። በበሶብላ ማን ያዛቸዋል?

አንዷ የቀዩን አሽታ፣ «እንዴ! ይኼ ምኑ ነው የሚሸተው?» አለች። ሌላዋ፣ «የአንችው እጅ ነው» አለቻት። ሳቅ። የአረንጓዴው ሲደርስ ሳቁ ቆመ። ከረጢቱን እየተቀባበሉ አልለቅ አሉ።

ይህች የትኛዋ ናት ብለው ጠየቁኝ። ልመልስ ስል ከኋላ እትዬ ድንቄ ተነሱ። ዓርብ ተኳርፈን እንዳልተለያየን። ነጠላቸውን አጣፉ።

«ያች የፍጉ ናት። ባለፈው ማክሰኞ ለእንግዳ የማዳበሪያ ናት ተብላ የታየችው። ታፔላውን የነቀልሁት እኔ ነኝ፤ የተከልሁትም እኔ። ልጅቱ ስትጠይቀኝ አላውቅም ያልሁትም እኔ። አውቅ ነበር።»

ሙላትን አየሁት። ይህን ጊዜ፣ እኔ ነኝ ያዘዝኳቸው ይላል ብዬ ጠበቅሁ። የምሬን ነው የጠበቅሁት። ለአንድ አፍታ ያ ጠመኔ የያዘ ሰውዬ ተመልሶ የሚመጣ መሰለኝ።

«ሰማችሁ?» አለ። «ሙከራውን ያበላሹት እኚህ ሴት ናቸው። የመንግሥት ሥራ ማደናቀፍ ነው። በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ።» ጸሐፊው ጻፈ።

እትዬ ድንቄ እሱ እንዳዘዛቸው አልተናገሩም። እኔ ተናገርኩ፣ ሰኞ ከሰዓት ያላቸውን አንድ በአንድ። ጮኸ። ጮህኩ። ከዚያ ሴቶቹን ለፊርማ ጠራ። የሄደ የለም። እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ አግብተው ቁጭ አሉ። አንዷ ብቻ፣ ዛሬ በዓል ነው ጌታየ፣ ጣታችንን አናቆሽሽም አለችው። እሱም ስብሰባውን የዘጋው በሩን እያጋጨ ነው።

ቢጫው ይሻላችኋል፣ ግማሽ ግማሹ፣ ብዬ እየነገርኳቸው ወጣን።


ረቡዕ፣ ጥቅምት 17 — ጠዋት 2 ሰዓት፣ ወደ ቢሮ ከመሄዴ በፊት

ሙላት ማለዳ ደውሎ ነበር። ድምፁ ለስላሳ። ልጄ ብሎ ጀመረ። ትናንት ሁላችንም ተቆጥተናል፣ ይለፍ። አንድ ቀላል ነገር ብቻ ይበቃዋል፦ ታፔላውን ሴትዮዋ በራሳቸው ተነሳሽነት፣ ማንም ሳያዛቸው እንደቀየሩ በሁለት መስመር መመስከር። ሪፖርቱ ይቀራል፣ ሙከራው ተበላሽቷል ይባላል። ማስተርሱ እንዳለ ነው። እሳቸውን ቢበዛ ከሞዴል ገበሬነት ቢሰርዟቸው ነው፣ ከመስኖውም ቢያስወጧቸው ነው። ባልቴት ናቸው፣ ምን ይጎድልባቸዋል አለ።

ምን ይጎድልባቸዋል!

ስልኩን ዘጋሁበት። አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቅሁትም። አስረኛ ክፍል አልቋል።

ቀዩ ያወጣውን፣ አረንጓዴው ያወጣውን፣ ቢጫው ያወጣውን፣ እርጥቡንና ደረቁን፣ የፋንታዬን ፍርድ ጨምሬ በራሴ እጅ በሦስት ቅጂ ጽፌያለሁ። አንዱ ለቢሮው፣ አንዱ ከእሱ በላይ ላሉት፣ አንዱ ለሴቶቹ። ማን ችካሉን እንዳስነቀለም ጽፌያለሁ። ከሥሩ ፈርሜያለሁ። ሊያባርሩኝ ይችላሉ። አልለቅም፤ ከፈለጉ እነሱ ያስወጡኝ፣ ምክንያቱንም በጽሑፍ ይስጡኝ።

ያልሠራሁት ሥራ ላይ ስሜ እንዲቆም አልቀበልም። ውለታ ተቆጥሮብኝ አፌን እንድዘጋ አልቀበልም። ለአንቺ ብዬ ነው የሚል ማንም ቢሆን፣ እናቴም ብትሆን፣ እኔን ሳይጠይቅ በእኔ ላይ እንዲወስን አልቀበልም። እትዬ ድንቄን ገና አልማርኳቸውም። መቼ እንደምምራቸውም አላውቅም፤ እሱ የእኔና የእሳቸው ጉዳይ ነው። ነገር ግን ያዘዘው ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እሳቸው ብቻቸውን እንዲከሰሱ፣ ያንን ከዛሬ ጀምሮ አልቀበልም።